ዳንግላን ማን አስለቀቀ?

ሰሞኑን ማደሪያችን ውስጥ ማታ ማታ ክርክር በዝቷል። አንድ ምሽት፣ "ጎጃምን ከፋሺስት ጣሊያን ነፃ ያወጣው ማን ነው?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። ብዙዎቻችን ሳናመነታ "ዊንጌት ነዋ!" አልን። ከመካከላችን የዳንግላ ልጅ አለ፤ የእንጅባራ ልጅ አለ፤ የቲሊሊ ልጅ አለ። አንዳችንም ግን የአንድ አርበኛ ስም አልጠራንም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ምሽት እፍረት የወጣ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ሲዘምት መዝገቡን ይዞ ይዘምታል። የት እንዳደረ፣ ስንት ሰው እንደሞተበት፣ የትኛው መኮንን ምን እንዳዘዘ በየዕለቱ ይጻፋል። 11ኛው የአፍሪካ ክፍለ ጦር ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያ፣ በጅጅጋና በሐረር አድርጎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱን የምናውቀው ተጽፎ ስለተቀመጠ ነው። እዚያ መዝገብ ላይ እንኳ ጎልቶ የሚታየው አዛዡ ነው። "እንግሊዝ ገባ" እንላለን እንጂ፣ በዚያ ክፍለ ጦር ውስጥ የናይጄሪያና የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌዶች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? ጥቁሩ ወታደር ተራመደ፣ ተዋጋ፣ ሞተ፤ ስሙን ግን አዛዡ ወሰደው።

ወደ እኛ የመጣው ደግሞ ክፍለ ጦር እንኳ አልነበረም። ዊንጌት "የጌዴዎን ጦር" ብሎ የሰየመው ኃይል ከ2,000 ሰው ያነሰ ነበር። አብዛኛው የሱዳን ወታደርና ኬንያ ተሰድዶ የነበረ ኢትዮጵያዊ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ፤ ጉዞው ወደ በላያ ተራራ ሆነ። ስንቅ የጫኑት ግመሎች በሺ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹ በቆላውና በዳገቱ አለቁ።

ታዲያ ይህ ትንሽ ጦር በሺዎች የሚቆጠረውን የጣሊያን ሠራዊት ከምሽጉ እንዴት አስወጣው? ተአምር ነው? አይደለም! ጣሊያን በዳንግላ፣ በእንጅባራና በቡሬ የያዘው ምሽጉንና መንገዱን ነበር። ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር የአርበኛ ነበር። በዳንግላ በኩል እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በቡሬ በኩል እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በብቸና እነ በላይ ዘለቀ ነበሩ። ኮሎኔል ሳንፎርድ ነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጥቂት ሰዎች ይዞ ገብቶ ለወራት ጎጃም ውስጥ ሲቀመጥ ማን አበላው? ማን ሸሸገው? ማን መንገድ መራው? ባላገሩ ነው! ዳንግላም በጌዴዎን ጦር ውጊያ አልተያዘችም። የካቲት 1933 ዓ.ም. የኮሎኔል ቶሬሊ ጦር ራሱ ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። ጌዴዎን እንጅባራ ሲደርስም ምሽጉ ተለቅቆ ነው የቆየው።

"እንግሊዝ ምንም አላደረገም ልትሉን ነው?" የሚል ይነሳል። አላልንም። ጠመንጃና ገንዘብ ሰጥቷል፤ አውሮፕላኖቹ ዳንግላን ደብድበዋል፤ በሰሜን ከረን ላይ የህንድ ክፍለ ጦሮች ብዙ የጣሊያን ሠራዊት ይዘው ነበር። ዊንጌትም ደፋር ሰው ነበር። እኛም ንጹሕ አልነበርንም። ራስ ኃይሉ ከጣሊያን ጎን ቆመዋል፤ ባንዳው ብዙ ነበር፤ አርበኞቹም እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበር። ውሸትን በውሸት አንመታም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ምሽጉን ለአምስት ዓመት ከብቦ ያስራበውን ሰው "አጋዥ"፣ በመጨረሻው ወር የደረሰውን "ነፃ አውጪ" ማለት ታሪክ አይደለም።

ከድል በኋላ የሆነውንም አንርሳ። በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ከተማ ውስጥ በዊንጌት ስም ትምህርት ቤት ተከፈተ። ለአንዱ ገመድ፣ ለአንዱ ትምህርት ቤት! ይህን ያደረገው የራሳችን መንግሥት ነው፤ በእንግሊዝ ብቻ አናመካኝ።

ከሁሉ የሚከነክነን ግን ሌላ ነው። ከጣሊያን በፊት ዳንግላ ላይ ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንሲል ነበር። ጣናንና ዓባይን ተከትሎ ተጓዘ፣ ካርታ አነሳ፣ መጽሐፍ ጻፈ። በጦርነቱ ጊዜም ካርቱም ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ መረጃ ያቀናብር ነበር። ያንን እውቀት ከየት አመጣው? አገሬውን ጠይቆ ነዋ! ባዕድ መጥቶ ጠየቀ፣ ጻፈ፣ ተጠቀመበት። እኛ እዚሁ ተወልደን፣ አውኚ እየሰማን አድገን፣ ማንን ጠየቅን? ጥር 23 ሲደርስ እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን እናያለን፤ ፎቶ እናነሳለን፤ እንጨፍራለን። ጋላቢው የሚዘክረው አያት ስሙ ማን ነበር ብለን ግን አንጠይቅም።

ወንድሞችና እኅቶች! ጦርነቱን በዓይናቸው ያዩት አልቀዋል ማለት ይቻላል። ከአባታቸው አፍ የሰሙት ግን ገና አሉ፤ እነሱም እያረጁ ነው። አንድ ሽማግሌ በተቀበረ ቁጥር አንድ መዝገብ አብሮ ይቀበራል። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በባዶ እጅ አንመለስ። በአውኚም በአማርኛም እንጠይቅ። ጠመንጃ የያዘውን ብቻ አይደለም፤ እህል የፈጨችውን፣ ቁስለኛ የሸሸገችውን፣ ወሬ ያቀበለውን እረኛ ጭምር። የሚያሳፍረውንም፣ ባንዳ የነበረውንም እንጻፍ።

የሚቀጥለው እትም አንድ ገጽ ባዶውን ይጠብቀናል። ስሞቹን ይዘን እንምጣ። ያ ገጽ ባዶውን ከወጣ ግን፣ በዊንጌት ማመካኘት አንችልም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው።