ትንሽ ሽጉጥ፣ ትልቅ ጉራ

አጎቴ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ሱቅ አላቸው። ማታ ዘግተው የሚወጡት ብቻቸውን ነው። ባለፈው ዓመት ሪቮልቨር ገዙ፤ አምስት ጥይት የምትጎርስ፣ 350 ግራም የማትሞላ፣ ኪስ ውስጥ የምትረሳ። መግዛት ነበረባቸው ወይ የሚለውን ቤተሰቡ ተጨቃጭቆ ጨርሶታል። የእኔ ጭቅጭቅ ከጥይቱ ጋር ነው። ሻጩ ".357 ማግነም ይውሰዱ፣ አንዷ ትበቃለች" አላቸው። የእኛም ልጆች "ጋሼ፣ ትልቁን!" ብለው አጨበጨቡ።

ተኩስ መለማመጃው ጋ አብሬያቸው ሄድኩ። በመጀመሪያው ጥይት መዳፋቸው ቀላ። በሁለተኛው ገና ቃታውን ሳይስቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስተኛው ወረቀቱን ጭራሽ አላገኘውም። "በቃኝ" ብለው አስቀመጧት።

ወገን፣ ይሄ የወንድነት ጉዳይ አይደለም፤ የአንደኛ ዓመት ፊዚክስ ነው። ጥይቱ ወደፊት የወሰደውን ያህል ሞመንተም ሽጉጡ ወደኋላ ይቀበላል። ያው ጥይት ሆኖ የሽጉጡ ክብደት ወደ ሲሶ ሲወርድ፣ እጅ ላይ የሚያርፈው ኢነርጂ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ማግነም እ.ኤ.አ. በ1935 ሲወጣ የተሠራለት ሽጉጥ እኮ ከኪሎ በላይ ይመዝን ነበር! በዚያ ላይ አምስት ሴንቲሜትር በማይሞላ በርሜል ውስጥ ባሩዱ ነድዶ አያልቅም፤ የተረፈው ከአፈሙዙ ውጪ ይንቦገቦጋል። ማግነሙ አሁንም ከ.38 ይፈጥናል፣ አልክድም። ግን ከከፈላችሁበት ጉልበት ከፊሉ ጨለማ ውስጥ ዓይናችሁን የሚያጠፋ ብልጭታ ነው።

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ቀላል ሽጉጥ ቀለሁን ይዞ ወደኋላ ሲፈናጠር፣ ያልተተኮሱት ጥይቶች እርሳስ ባለበት ሊቀርና ከቀለሁ ወጣ ሊል ይችላል። ከበሮውን አልፎ ከወጣ ከበሮው አይዞርም። በእኔ ሙያ ሲስተም ሲቆለፍ ሪስታርት እናደርጋለን። እዚህ ሪስታርት የለም።

መፍትሔው ሌላ ሽጉጥ መግዛት አይደለም። .38 ስፔሻል በዚያችው ሽጉጥ ይተኮሳል፤ ውፍረቱ አንድ ነው፣ ቀለሁ ብቻ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። (የ.38 ሽጉጥ ግን ማግነም አይጎርስም፣ እንዳትሞክሩ።) ለአጎቴ የመረጥኩት "ዋድከተር" የሚባለውን ነው፤ አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ እርሳሱ 9.6 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 200 ሜትር አካባቢ። ለወረቀት ዒላማ የተሠራ ነው ብለው ልጆቹ ሳቁ። እውነት ነው፣ ለዒላማ ነው የተሠራው። በጥድፊያ መልሶ ለማጉረስም ያስቸግራል። የሚረግጠው ግን ከማግነሙ ሩብ ያህል ነው፤ አጎቴ አምስቱንም ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ተኮሱ፣ አምስቱም ወረቀቱ ላይ አረፉ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ራሳቸው ናቸው "እንሂድ" የሚሉኝ።

የማግነሙ ፓኮ ከ50ው 47ቱ እንዳሉ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። "ትልቁን!" ያላችሁ ልጆች፣ ቅዳሜ መለማመጃው ጋ ኑና በዚያችው ሽጉጥ ጨርሱልኝ።