ነፋሱን ለካነው፤ የሚሸከመውንስ?

አዳማ በነፋሷ ታውቃለች። ነፋሱ ተለክቶ፣ ተጠንቶ፣ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎች ተተክለውበታል። ጥሩ ነው። ያው ነፋስ የሚሸከመው ብናኝስ? ትናንት ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ስንት ነበር? ቁጥሩን የሚያውቅ ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ።

ፓርኩን እየከሰስኩ አይደለም። ከፋብሪካ ይሁን፣ ከጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ይሁን፣ ከሚቃጠል ቆሻሻ ይሁን ሳይለካ ማን ያውቃል? ጸቤ ቁጥሩ እኛ ነዋሪዎቹ ጋ ካለመድረሱ ጋር ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብታችን ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ምን ይላል መሰላችሁ? ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፤ የላላ ማውጣት ግን አይችሉም። ስለዚህ «ጉዳዩ የፌዴራል ነው»፣ «የለም፣ የክልል ነው» እየተባባሉ ኳስ መቀባበል ምክንያት አይሆንም። የፌዴራሉ ወለል ነው፤ ኦሮሚያ ከዚያ በላይ እንዳትወጣ የሚከለክላት የለም።

ከፍ ማለቱ ደግሞ የግድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ለደቃቁ ብናኝ (ፒኤም 2.5 ለሚባለው) በ24 ሰዓት አማካይ 65 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነበር ያስቀመጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 25 አለ፣ በ2021 ደግሞ ወደ 15 አወረደው። የአዳማ ልጅ ሳንባ ከሌላው ሰው ሳንባ ምኑ ይለያል?

አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1970ው የንጹሕ አየር ሕግ ጀምሮ ስቴቱ እቅድ ያወጣል፣ ፌዴራሉ መርምሮ ያጸድቃል። እቅዱ ሲሻሻል ለሕዝብ አስተያየት ይቀርባል። ስቴቱ ካልሠራ ፌዴራሉ የራሱን እቅድ ያወጣበታል። መላእክት ስለሆኑ አይደለም፤ ማን ለምን እንደሚጠየቅ በወረቀት ስለሰፈረ ነው።

«መጀመሪያ ሥራ ይቅደም» የምትሉ አላችሁ። እሺ፣ ይቅደም። ግን ፓርኩ ውስጥ ስትሰፋ የምትውለው ልጅ የምትተነፍሰው እኮ ይሄንኑ አየር ነው። ስትታመም ደሞዟ ለመድኃኒት ሊሄድ ነው? ብናኝ መለካት ፋብሪካ አይዘጋም።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ዛሬ ሕግ ጨርሳችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ቢሮ ገብታችኋል። የአዋጁን አንቀጽ 11 አውጥታችሁ አንብቡት። ብክለት ሲያይ ማንም ሰው፣ «እኔ ተጎድቻለሁ» ማለት ሳይጠበቅበት፣ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውሳኔ ካልተሰጠው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ቡና ላይ ማጉረምረም ይብቃን። በጽሑፍ አስገቡ፣ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ያዙ፣ ከዚያ ቀን ቁጠሩ። መቁጠር እንደሆነ አስተምረናችኋል።