ቀዳዳው ጠፍቶ ስሙ ሲቀር፦ የ«ስሎት» የአማርኛ አቻዎች

«ስሎት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጠባብና ረዘም ያለ ማስገቢያን ያመለክታል። በኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካበት ስፍራ ስሎት ነው። በኔትወርክ ትምህርት ግን ቃሉ ከቦታ ወደ ጊዜ ይሻገራል። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው አሎሃ የሬዲዮ ኔትወርክ፣ ጊዜው በእኩል ቁራጭ ተከፍሎ ላኪዎች በየቁራጩ መነሻ ላይ ብቻ እንዲልኩ ሲደረግ፣ የመስመሩ ከፍተኛ የንድፈ ሐሳብ ውጤታማነት ከ18 ወደ 37 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ያም ቁራጭ ስሎት ይባላል።

ለተርጓሚ ቀላሉ መንገድ ሁሉንም «ስሎት» ብሎ ማለፍ ነው። በኮምፒውተር ዘርፍ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ተማሪው ጥቂት ይደናገራል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ያም ሆኖ «ማስገቢያ» እና «የጊዜ ድርሻ» ያለ ማብራሪያ ስለሚገቡ ሊመረጡ ይገባል። «ሲም ማስገቢያ» ለማለት መዝገበ ቃላት የገለጠ ሰው የለም።

ብርቱው ችግር ያለው በቁማር ማሽኑ ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ቻርልስ ፌይ በሳን ፍራንሲስኮ የሠራው ባለ ሦስት መዘውር ማሽን ሳንቲም ይጎርስ ስለነበር በማስገቢያው መጠራቱ ተገቢ ነበር። ዛሬ በስልክ የሚቀርበው ጨዋታ ቀዳዳም ሳንቲምም የለውም። መዘውሩም ቢሆን ዕጣውን አይወስንም፤ ኢንጌ ቴልናስ እ.ኤ.አ. በ1984 ፓተንት ያገኘበት ስልት ውሳኔውን የዘፈቀደ ቁጥር ለሚያመነጭ መሣሪያ አስረክቧል። በሦስቱ መዘውሮች ላይ 22 ማቆሚያዎች ቢታዩና አሸናፊው ምልክት በየመዘውሩ አንድ ጊዜ ቢገኝ፣ ተጫዋቹ በዓይኑ የሚገምተው ዕድል ከ10,648 አንድ ነው። ከጀርባ ያለው ስሌት ለየመዘውሩ 64 የማይታዩ ማቆሚያዎች መድቦ አሸናፊውን ለአንዱ ብቻ ቢሰጥ ግን እውነተኛው ዕድል ከ262,144 አንድ ይሆናል።

እንግዲህ «ስሎት» ለአማርኛ አንባቢ ሁለት ጊዜ ይሰውራል፤ የሌለ ቀዳዳን ይጠራል፣ ቁማር መሆኑንም አይናገርም። «የቁማር ማሽን» የሚለው አጠራር ለማስታወቂያ አይመች ይሆናል፤ ለሕግ ረቂቅ፣ ለማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ለጥናት መጠይቅ የሚመጥነው ግን እርሱ ነው። በተለይ በመጠይቅ ላይ «ስሎት ተጫውተው ያውቃሉ?» የተባለና «በቁማር ማሽን ገንዘብ አስይዘው ያውቃሉ?» የተባለ ሰው አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣል ብሎ መገመት አይቻልም። ቃሉን ሳይመርጥ መረጃ የሰበሰበ ተመራማሪም ምን እንደለካ ለማስረዳት ይቸገራል።