ርካሽ ግብር፣ ረጅም ሰልፍ

«ግብር ተጨመረ» ሲባል ሁላችንም እንጮኻለን። የታክሲ ሰልፉ ሲረዝም ግን ዝም ነው። ለምን? ሰልፍ ደረሰኝ የለውማ!

የአዲስ አበባ የጣሪያና ግድግዳ ግብር ለዓመታት ሳይከለስ ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. ነው የተነካው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያተረፈው ማነው? ባለቤቱ። ከፋዩስ? ጠዋት መገናኛ ተሰልፎ ሥራ የሚያረፍደው ተከራይ።

«ታዲያ ግብሩ ሲጨምር አውቶቡስ ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ቀላል ባቡሩን እዩት። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት፣ አብዛኛው ከቻይና ብድር ሆኖ፣ በ2008 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ከግማሽ በላዮቹ ቆመው ነበር፤ አንዱ ትልቅ ምክንያት የመለዋወጫ እጦት ነው። መግዣው በብድር ይገኛል። ጥገናውና የሾፌሩ ደመወዝ ግን በየዓመቱ የሚመጣ ወጪ ነው፤ በርካሽ ትኬት ብቻ አይሸፈንም። ቋሚ ወጪ ቋሚ ገቢ ይፈልጋል፤ ከተማ ደግሞ ከቤትና ከቦታ የበለጠ ቋሚ ነገር የላትም።

ስለዚህ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀውን የንብረት ታክስ አዋጅ በጅምላ አልቃወምም። ሁለት ነገር ግን እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከሚሰበሰበው ምን ያህሉ ለአውቶቡስና ለጥገና እንደዋለ በየዓመቱ በግልጽ ይነገረን። ሁለተኛ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ወረቀት ላይ አይቅር፤ ባለቤቱ ጭማሪውን ወደ ተከራዩ እንዳያዞረው።

ያለዚያ ተከራዩ ሁለቴ ይከፍላል፤ አንዴ በኪራይ፣ አንዴ በሰልፍ።