«ማን» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ

ሊነክስን መማር የሚጀምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው ትእዛዞች የተዘረዘሩበት አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለፈተና ይሸመደዳል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል። በዚህም የተነሣ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ችግር ሲገጥመው ተማሪው እጁን አጣጥፎ ሰው ይጠብቃል። እኛ ግን የሚጠብቀው መምህር ከፊቱ ባለው ማሽን ውስጥ ተቀምጧል እንላለን። የዩኒክስ ቤተሰብ የሆኑ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አብዛኛውን ጊዜ መመሪያቸውን ይዘው ይጫናሉና።

ይህ ልማድ የቆየ ነው። በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች የነበሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የመጀመሪያውን የዩኒክስ መመሪያ ያወጡት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነበር። በዚያ መመሪያ እያንዳንዱ ትእዛዝ ስሙ፣ አጻጻፉና ማብራሪያው በአንድ ወጥ ቅርጽ ቀርቧል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው «ጉድለቶች» የሚል ርእስ መኖሩ ነው። ሠሪዎቹ ሥራቸው የት ላይ እንደሚሰናከል ራሳቸው ጽፈው አስቀመጡ። የሳይንስ ተማሪ ከዚህ የሚማረው ከትእዛዝ በላይ ነው።

መመሪያውን የሚከፍተው ትእዛዝ «ማን» ይባላል። ቃሉ «ማኑዋል» ከሚለው ያጠረ ቢሆንም ለአማርኛ ጆሮ መጠይቅ መሆኑ መልካም ግጥጥሞሽ ነው፤ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ! ከ«ማን» ቀጥሎ የምንፈልገውን ትእዛዝ ስም ስንጽፍ ገጹ ይከፈታል። በውስጡ ቃል ለመፈለግ እዝባር ተጭነን ቃሉን እንጽፋለን፤ ለመውጣት የኪው ፊደል ይበቃል። የትእዛዙን ስም የማናውቅ ከሆነ «ማን» ላይ የኬ ፊደልን ከሰረዝ ጋር ጨምረን ስለ ጉዳዩ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንሰጠዋለን፤ እርሱም ተዛማጅ ገጾችን ከአጭር መግለጫቸው ጋር ይዘረዝርልናል።

መመሪያው በቁጥር በተለዩ ክፍሎች የተደራጀ ነው። በሊነክስ ክፍል 1 የተጠቃሚ ትእዛዞችን፣ ክፍል 5 የፋይል አቀማመጦችን፣ ክፍል 8 የሲስተም አስተዳደር ትእዛዞችን ይይዛል። ለምሳሌ «ክሮንታብ» ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት ለማስጀመር ያገለግላል። «ማን ክሮንታብ» ብንል ስለ ትእዛዙ እናነባለን፤ «ማን 5 ክሮንታብ» ብንል ደግሞ ደቂቃው፣ ሰዓቱና ቀኑ በፋይሉ ውስጥ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፉ እናገኛለን። ይህን ያላወቀ ተማሪ የተሳሳተውን ገጽ ከፍቶ «መልሱ የለም» ብሎ ይዘጋዋል።

ዛሬ መልስ በኢንተርኔትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት በቅጽበት ይገኛል፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ምክንያቱም የተገኘው መልስ ለየትኛው ማሽን እንደተጻፈ ሁልጊዜ አይታወቅም። «ሴድ» የተባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ትእዛዝ እንውሰድ። የ«አይ» አማራጩ እርማቱን በዚያው በፋይሉ ላይ ይጽፋል። በሊነክስ በተለመደው የግኑ ሴድ ለመጠባበቂያ ቅጂው የሚሰጠው ቅጥያ ሊቀር ይችላል፤ በማክ ኦኤስ ግን ባዶም ቢሆን መሰጠት አለበት። ስለዚህ በአንዱ የሠራው መስመር በሌላው ስሕተት ይሆናል። በማሽኑ ላይ ያለው ገጽ ግን በማሽኑ ላይ ከተጫነው ትእዛዝ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ላቦራቶሪም ይነበባል።

«ገጾቹ ደረቅ ናቸው፤ ምሳሌ ያንሳቸዋል፤ እንግሊዝኛቸውም ይከብዳል» የሚል ቅሬታ እንሰማለን። ቅሬታው እውነት አለው። መመሪያው መዝገበ ቃላትን ይመስላል እንጂ የመማሪያ መጽሐፍን አይተካም። ሆኖም መዝገበ ቃላትም ቢሆን አጠቃቀሙን ላወቀ ብቻ ይከፈታል። በአጻጻፍ መስመሩ ላይ በማዕዘን ቅንፍ የተከበበው ነገር ሊቀር እንደሚችል፣ ሦስት ነጥቦች የተከተሉት ደግሞ ሊደጋገም እንደሚችል ማወቅ ብቻ ግማሹን ጨለማ ይገፍፋል።

ስለዚህ ለመምህራን ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ከመጀመሪያዎቹ የላቦራቶሪ ክፍለ ጊዜዎች አንዱ መመሪያውን ለማንበብ ብቻ ይዋል። ሁለተኛ፣ በተግባር ፈተና ላይ መመሪያው ክፍት ይሁን፤ ጥያቄውም ተማሪው ከዚህ ቀደም ስላላየው ትእዛዝ ይሁን። ያኔ የሚፈተነው የሸመደደው ሳይሆን አንብቦ የሚረዳው ይሆናል።

ለተማሪዎች የምንለው ያጠረ ነው። ዛሬ ላቦራቶሪ ስትገቡ «ማን ማን» ብላችሁ ጻፉ፤ መመሪያው ስለ ራሱ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ የምትጠይቁት ሰው ብታጡም የምትጠይቁት አታጡም።