ራሱን የቻለ ቤትና የገና ማገዶ

በግቢያችን ስለ ሥልጣኔ በሚደረገው ክርክር ውስጥ አንድ ቃል እየተደጋገመ ይሰማል፤ ይኸውም «በኃይል ራሱን የቻለ ቤት» የሚባለው ነው። ጣራው ላይ ሶላር፣ ጓዳው ውስጥ ባትሪ ያለው፣ ከማንም መስመር ገመድ የማይለምን ቤት ማለት ነው። ሐሳቡን የሚጠላ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እኔም አልጠላውም። ነገር ግን ቃሉን የምንናገረው ስለ አምፖልና ስለ ስልክ ብቻ እያሰብን ስለሆነ፣ አንድ ቤት በውነት ራሱን መቻሉ የሚፈተነው በየትኛው ቀን ነው ብለን ልንጠያየቅ ይገባናል። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ በበዓል ዋዜማ ነው። ዘመድ አዝማድ በሚሰበሰብበት፣ ምድጃው ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት በማይጠፋበት ቀን ነው። በተራው ቀንማ ቆሎ ቆርጥሞ ማደርም ራስን መቻል ነው።

ፈረንጆቹ ይህን ፈተና ከመነሻው አይተውታል። በጀርመን አገር፣ በፍራይቡርግ ከተማ፣ የፍራውንሆፈር የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1992 ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ያልተያያዘ አንድ መኖሪያ ቤት ሠርቶ ነበር። ያስቸገራቸው የአገሩ ክረምት ነው። የእነርሱ ክረምት እንደ እኛ የዝናብ ወራት ሳይሆን የታኅሣሥና የጥር ብርድ ነው፤ ገናቸውም በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። በዚያን ሰሞን ፍራይቡርግ ላይ የቀኑ ብርሃን ከ8 ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ የሚገኘውም የፀሐይ ኃይል በሰኔ ከሚገኘው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ቤተሰብ ተሰብስቦ ዝይ የሚጠበስበት፣ ዛፉ የሚበራበት፣ ክፍሉም መሞቅ ያለበት ሌሊት የሚመጣው ጣራው ከሁሉ ያነሰ በሚሰጥበት ጊዜ ነው ማለት ነው። መሐንዲሶቹ ምን አደረጉ? በመጀመሪያ ግድግዳውንና መስኮቱን ሙቀት እንዳያሾልክ አድርገው ሠሩት። ከዚያም በሰኔና በሐምሌ በተረፈው ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክሲጂን እየከፈሉ ጋዙን በታንክ አጠራቀሙ፤ ብርዱ ሲገባ ያው ሃይድሮጂን ተመልሶ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ለማብሰያም ይነዳል። እህል በጎተራ እንደሚከተት ሁሉ የሐምሌ ፀሐይ ለገና ራት ተከተተ። ቤቱ ለምርምር የተሠራ ነበርና ወጪው ተራ ሰው የሚደፍረው አልነበረም። ቢሆንም ቤቱን የለኩት በክፉ ቀኑ ነው።

ወደ እኛ ደጋ ስንመጣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የእኛ ገና፣ ታኅሣሥ 29፣ የሚውለው በበጋ እምብርት ነው። ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም ቀኑ ጥርት ያለ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያ ወር ፀሐይ 11 ሰዓት ተኩል ያህል በሰማይ ትቆያለች። ጥምቀትም ፋሲካም እንዲሁ በፀሐይ ይመጣሉ፤ ከትልልቆቹ በዓላት ደመና የሚያስፈራቸው ቡሄና እንቁጣጣሽ ናቸው ቢባል ነው። ጀርመኖቹ በሃይድሮጂን ታንክ የፈለጉትን እኛ በቀን መቁጠሪያችን አግኝተነዋል። ታዲያ የገጠሩ ቤት ከዓመት ዓመት ከሁሉ ይልቅ በጢስ የሚታፈነው በዚሁ በገና ዋዜማ መሆኑ እንዴት ነው?

አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። መስመር ያልደረሰው የገበሬ ቤት ዛሬም በኃይል ራሱን የቻለ ነው። ጋዝ አይገዛም፣ ቆጣሪ የለውም፣ ማገዶውን ከገዛ አጥሩና ከገዛ በረቱ ያገኛል። በትርጉሙ ብቻ ከሄድን ከፍራይቡርጉ ቤት የሚያንስበት ነገር የለም። ልዩነቱ በዚያ ቤት ሸክሙን የሚሸከመው ታንክ ሲሆን በዚህኛው የሴት ጀርባ መሆኑ ነው። ኩበቱ የሚጠፈጠፈው፣ ጭራሮው የሚለቀመው፣ ፍልጡ የሚከመረው ከበዓሉ ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ነው። ለጠላው አሻሮው ይታመሳል፣ እንኩሮው በምጣድ ይበስላል። ድፎ ዳቦው በኮባ ተጠቅልሎ ከላይም ከታችም እሳት ይነድበታል። የዶሮው ቁሌት ለአያሌ ሰዓታት ከእሳት አይወርድም። እንጀራውስ? ለሃያና ለሠላሳ እንግዳ የሚሆን እንጀራ በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር፣ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ፊት የሚመታውን እንፋሎትና ጢስ በዚያ ጓዳ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጢስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። «የበዓል ሽታው ጢሱ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ፤ ይህን የሚሉት ግን ዘወትር ከሳሎን ሆነው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ የምሕንድስና ተማሪዎችም ስሕተት ካለበት ያርሙኝ። ለእንጀራ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። በ3 ኪሎዋት ተኩል ለሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 100 ዋት የሶላር ሰሌዳ በደህና ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ኃይሉን ቢሰጥ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ያመጣል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ ጋገራ 14 እንዲህ ያሉ ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ፤ ያውም በመንገድ የሚባክነው ሳይቆጠር ነው። መብራት የሚያበራው አነስተኛ ሶላር መልካም ነገር ነው፤ ልጅ ያጠናበታል፣ ኩራዝም ይቀራል። ግን «ቤቱ ራሱን ቻለ» ብሎ ሪፖርት መጻፍ ማታለል ነው፤ ምጣዱ እኮ ገና ከጉልቻው አልወረደም። ባዮጋዙም ከብትና ውሃ ላለው ቤት ለወጥና ለቡና ይረዳል፤ ሰፊውን የእንጀራ ምጣድ እኩል ማጋል ግን ይቸግረዋል። እስከዚያው ድረስ ምርጥ የሚባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ይቀንሳልና እሱን የሚንቅ ሰው አይሁን።

«ታላቁ ግድብ ተመርቋል፣ መስመሩ ይደርሳል» የሚል ይኖራል። በውነቱ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የ5,150 ሜጋዋት ግድብ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ኃይሉ በግድቡ መኖሩና ከተራራ ጀርባ ባለው ጎጆ መገኘቱ ለየቅል ናቸው። መስመር ባለበት ከተማ እንኳ የበዓል ዋዜማ ምጣድ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲሰካ መብራቱ እየደከመ ወይም እየጠፋ፣ ሊጡ በቡሃቃው የቀረበት ቤት ጥቂት አይደለም።

እኔ የምቃወመው ራስን መቻልን በአንድ ቤት ልክ መቁረጣችንን ነው። ይህ ልክ የመጣው እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው ከሚኖርበትና ገንዘብም ካለበት አገር ነው። በእኛ አገር ድንኳኑ፣ ትልልቁ ድስትና አግዳሚው የዕድር ነው፤ ለኀዘን ጊዜ ማንም ሰው ለብቻው ድንኳን አይገዛም። ታዲያ ምጣዱስ ለምን የዕድር አይሆንም? ከ6 ኪሎዋት ያላነሰ ሰሌዳ በአንድ መጋገሪያ ቤት ጣራ ላይ ቢወጣ፣ በታኅሣሥ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ምጣዱን በቀጥታ ከፀሐይ ማጋል ይቻላል፤ ውድ የሆነው ባትሪም ትንሽ ይበቃዋል። በ3 ደቂቃ አንድ እንጀራ ቢወጣ በአራቱ ሰዓት 80 እንጀራ ይሆናል፤ የሁለት ቤት የበዓል እንጀራ ነው እንበል። ከበዓሉ በኋላ ባለው ተራ ቀን ያው ኃይል ለውሃ መሳቢያ ወይም ለአነስተኛ ወፍጮ ይውላል። የመመረቂያ ሥራቸውን ርዕስ የሚፈልጉ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች ከስልክ ባትሪ መሙያ ይልቅ ይህን ቢይዙት ይሻላል፤ ምጣዱን ራሱን ቀጭንና ሙቀት የማያባክን ማድረግ ብቻ እንኳ የሰሌዳውን ቁጥር ይቀንሳል።

አንድ ችግር ግን አለ፤ አልሸሽገውም። እንጀራ አሥር ቀን አስቀድሞ አይጋገርም፣ ይሻግታል። በታኅሣሥ ብርድ አራት ቀን ይቆያል ብንል አንድ ምጣድ የሚደርሰው ለስምንት ቤት ብቻ ነው፤ 40 አባል ያለው ዕድር አምስት ምጣድና የአምስቱን ሰሌዳ ሊያቆም ነው፤ ይህ ደግሞ በአንድ ዓመት መዋጮ የሚሞላ አይደለም። ስለዚህ በአንዱ ይጀመርና ተራው በዕጣ ይውጣ። ዘንድሮ ዋዜማው የደረሳት ባለቤት በሚመጣው ገና በመጀመሪያው ቀን ትጋግር፤ ዳኛውም ሚስቱን ከተራ እንዳያሳልፍ መዝገቡን ሴቶቹ ይያዙት።