ምላጭ ተቀባይ አይወድም

ባለፈው ሰኞ አገጬን ቆርጬ ቢሮ ገባሁ። ያየኝ ሁሉ “ምነው፣ ምላጩ አርጅቶ ነው?” ይለኛል። ምላጩስ ከወረቀቱ የወጣው ያን ዕለት ጠዋት ነው። ጥፋቱ የባጃጁ ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዳሞታ ተራራ ጉሙን ገና ሳያወልቅ፣ በራችን ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ባጃጅ የወላይትኛ ዘፈን ለቀቀ። የሶዶ ሰው ይህን ሲሰማ የሚሆነውን ያውቃል። እጅ ቢታዘዝ ወገብ አይታዘዝም። ትከሻዬ ቀድሞ ተቀበለ፣ ወገቤ ተከተለ፣ ምላጩ ግን ባለበት ቀረ። ሸብ ባይኖር ኖሮ ፎጣዬን ሁሉ ደም አድርጌው ነበር።

ቁስሉ እስኪሽር አንድ ነገር ሳሰላስል ሰነበትኩ። ሰው ጠዋት ሲላጭ ምን ቢሰማ ይሻላል?

የማውቃቸውን ጠየቅኩ። ጎረቤቴ መዝሙር ነው የሚከፍተው። አይገርምም። ሶዶ በ1920 ዓ.ም. ግድም ሚሲዮናውያን ከገቡባት ወዲህ የመዝሙር ከተማ ናት፤ እሑድ ጠዋት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲሄዱ አንዱ መዝሙር ሳያልቅ ሌላው ይቀበላል። ጎረቤቴ ከሁሉ የሚያስበልጠው ተስፋዬ ጋቢሶን ነው። “በደርግ ጊዜ ሰባት ዓመት ታስሮ የዘመረን ሰው እየሰማሁ በአንዲት ጭረት አልጮህም” ይለኛል። የቢሮ ባልደረባዬ ደግሞ ዜና እየሰማ ይላጫል። የነዳጅ ዋጋ የጨመረ ቀን ፊቱን አይታችሁ ትለዩታላችሁ።

መልሱን ያገኘሁት ግን ፀጉር ቤት ነው። ቅዳሜ አራዳ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ፀጉር ቤት ገባሁ። ልጁ “ሳሮ” ብሎ ተቀበለኝና ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ነጭ ጨርቁን አንገቴ ላይ ቋጠረ፣ ቶንዶሱን ወደ ጎን አድርጎ ምላጭ ገምሶ መያዣው ላይ ሰካ። ስልኩ ከመስታወቱ ሥር ከትንሽ ስፒከር ጋር ተያይዞ ይዘፍናል። የላይኛው ከንፈሬ ላይ ሲደርስ የማውቀው አዝማች መጣ፤ አፌ ሳላዘው ተከፈተ። ልጁ እጁን አነሳ።

“ጋሼ፣ ወይ እርስዎ ይዝፈኑ፣ ወይ እኔ ልላጭዎት!”

ዝም አልኩ። የሚላጭ ሰው አይዘፍንም። ጣሊያናዊው ሮሲኒ ይህን ቀድሞኝ አውቆታል መሰለኝ፣ “የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ” የተባለው ኦፔራው በ1816 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሮም ላይ ሲታይ እየዘፈነ ስለ ራሱ የሚፎክረው ፀጉር አስተካካዩ ፊጋሮ ነበር። ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ደንበኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲፎክር እስካሁን አልሰማሁም።

እኛ ጋ ደግሞ ዝም ብሎ ማዳመጥ ከባድ ነው። የዘመን መለወጫችንን ጊፋታን አስቡት። መስከረም ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ሳይቀበል የቆመ ሰው ካለ እንግዳ ነው፣ ወይም የተጣላ። ደቦ ላይም፣ ሠርግ ላይም እንዲሁ ነው። እነ ኮይሻ ሴታ በወላይትኛ ሲዘፍኑ የሚሰማው ሰው እግሩን ከመሬት ማንሳት ይጀምራል እንጂ አገጩን ይዞ ግጥሙን አይመረምርም። ዘፈናችን ተቀባይ ይፈልጋል። ምላጭ ግን ተቀባይ አይወድም።

ጠዋት ስንላጭ የምንሰማው ዘፈን ለዚህ ነው የተለየ የሚሆንብኝ። ከንፈር ተወጥሮ፣ አንገት ተቀልብሶ፣ አፍ ተዘግቶ ጆሮ ብቻ ሥራ ላይ ነው። የጥላሁን ገሠሠን አንድ ዘፈን ሃያ ዓመት ያህል በሠርግ፣ በመኪና፣ በመጠጥ ቤት ስቀበለው ኖሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ግራ ጉንጬን ስላጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ፍቅረኛውን የሚለምን ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እየተሰናበታት ነው። ሰሙን ስጮህ ኖሬ ወርቁን መስታወት ፊት አገኘሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ለምላጭ የሚሆነው እርጋታ ያለው፣ ግጥሙ የጠነከረ ዘፈን ነው። ትዝታ ቅኝት ካለበት ደግሞ እጅም አብሮ ይረጋጋል። ርዝመትም አይርሱ። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ ሪከርድስን ከፍቶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በባለ 45 ዙር ሸክላ ሲያወጣ ስለ ጺም አላሰበም ይሆናል፤ ልኩን ግን አግኝቶታል። የዚያ ሸክላ አንድ ፊት ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሸክላው ሁለት ፊት አለው፣ ሰውም ሁለት ጉንጭ። አንዱ ለቀኝ፣ ሌላው ለግራ፣ መሐል ላይ ሸክላውን ሲገለብጡ ምላጭ ይታጠባል። የዛሬ ስልክ ግን ሳይጠየቅ ከዘፈን ወደ ዘፈን ይዘላል፤ በአረፋ እጅ መልሰው ለማስቆም ሲሞክሩ ውሃው ይቀዘቅዛል።

“የወላይታን ዘፈን ከቤትህ ልታባርር ነው?” የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ በፍጹም! ሰዓቱን ልለይለት ነው እንጂ። ፊት ታጥቦ፣ ሸብ ተቀብቶ፣ ፎጣ ትከሻ ላይ ሲወድቅ ያን ጊዜ ይከፈት። ቀኑ የሚጀመረው በእሱ ነው።

እንዲህ ብዬ ወስኜ ነበር። ዛሬ ጠዋት ያ ባጃጅ ተመልሶ በራችን ላይ ቆመ። ቀኝ ጉንጬን ጨርሼ ግራውን ገና አልነካሁም። ምላጩን ሳፋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ግማሽ ፊቴ አረፋ እንደለበሰ፣ ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ ስቀበለው ቆየሁ።